ምሳችን የተሸኘበት አርብ

ልጆቹ ናቸው ንገሪን ያሉኝ። የልጄ ልጆች ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቻቸው ጋር በወንዙ ዳር የእግር ጉዞ ሊወጡ ነው፤ ኮፍያ ገዝተዋል። ይሄን ጉዞ እኔ ከእናንተ በፊት ሄጄዋለሁ ብላቸው ሳቁብኝ። እንግዲህ እንዲያምኑኝ ልጻፈው። ፊደል የለየሁት ከሳሙና ካርቶንና ከዱቄት ጆንያ ላይ ነውና የተጣመመ ቢኖር ይለፉኝ።

ያኔ ዩኒቨርሲቲውን እንደ ዛሬ ታሪካዊ የሚለው አልነበረም፤ ጣሪያም አልነበረው። ጦርነት ያፈረሰው አሮጌ ግንብ ነበር፣ ግንበኞች የወደቀውን ድንጋይ እያነሱ መልሰው ይክቡታል። ሀርጌሳ በሙሉ እንደዚያ ነበረች። በር ኖሮት ግድግዳ የሌለው ቤት ብዙ ነው፤ ባለቤቱ ግን ጠዋት በሩን ቆልፎ ይወጣል።

እኔ ሼክ ኑር የሚባል ሰፈር ቆርቆሮ ቤት እየኖርኩ ለአንዲት ያገራችን ሴት ልብስ አጥብ ነበር። ባሏ አየር መንገድ ይሠራል፣ እሷ ለቢሮ ሰዎች የእንግዳ ማረፊያ ከፍታ ወጥ ቤት የምትገባላት ሴት ትፈልጋለች። የገባችው ሴት ግቢ ውስጥ ክፍል ይሰጣታል። ልጄ፣ የእነዚህ የልጆቹ እናት፣ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጅጅጋ እህቴ ዘንድ ትቻት ነው የመጣሁት። ከሁለት ሴቶች ጋር ተጣብቄ በማድርበት ቤት የት ላስተኛት? ክፍሉን ካገኘሁ ልጄን አገኘሁ ማለት ነው። እትዬ፣ ለምን እኔን አይሞክሩኝም አልኳት። እሷም፣

«አርብ በእግር እንወጣለን። ምሳውን አንቺ ሥሪና ቀምሼ እነግርሻለሁ» አለችኝ።

ይሄን በእግር መውጣት ያመጣው እርዳታ ድርጅት የሚሠራ፣ ወፍ የሚወድ ሰውዬ ነው። እኔ በቀን ሁለቴ ወንዙን አቋርጬ ዋሄን ገበያ እመላለሳለሁ፤ ሰው ጉዳይ ሳይኖረው ይሄዳል ሲባል ግን ያን ጊዜ መስማቴ ነው። ወንዝ ስል ደግሞ አሸዋ ነው፤ ውሃው በዓመት ጥቂት ቀን ነው የሚመጣው። ሰውዬው ከወንዙ ዳር እንዳትርቁ እያለ ያስጠነቅቃል፣ ራሱ መሃል ለመሃል ይሄዳል።

እኔ ሩዝ በፍየል ሥጋ ሠራሁ፣ ሄሉን አልቆጠብኩም። ድስቱን ለመሸከም ከጎረቤት አሸዋ የሚያመላልሱበትን ቃሬዛ ተዋስኩ። ድስቱን ከመሃል፣ ሐብሐቡን ከራስጌ፣ ዳቦውንና ሳህኑን ከግርጌ አደረግሁ። አቧራ እንዳይገባበት ደግሞ ነጭ አንሶላ አለበስኩት። አንሶላው ንጹሕ ነው፣ ያጠብኩት እኔ ነኝ። አራት የቢሮ ወንዶች ትከሻቸው ላይ አወጡት። ወፍ ወዳዱ ሰውዬ ወፎቹ እንዳይበረግጉ ማንም እንዳያወራ አለ። እሾኽ ስላለ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ፣ በሰልፍ፣ ዝም ብሎ ይሄዳል።

እንዲህ ሆነን በግንቡ ሥር አለፍን።

ግንበኞቹ መዶሻቸውን አስቀመጡ። ጢሙን ሂና የተቀባ ሽማግሌያቸው እጁን ታጥቦ ወረደና ትከሻውን አስገባ። ሌሎቹ ተከተሉት። በእኛ በሙስሊሞቹ ዘንድ ጀናዛ ሲያልፍ የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም፤ ትሸከማለህ፣ አጅሩን፣ ምንዳውን፣ ከአላህ ታገኛለህ። የቢሮዎቹ ወንዶች ክርስቲያኖች ናቸው፣ ይሄን ከየት ያውቁታል? ደክሟቸው ነበር፣ አመስግነው ለቀቁላቸው። ወፍ ወዳዱማ እንዴት ያለ ደግ ሕዝብ ነው እያለ ያንሾካሹካል። ከመንገድ ሰው ተጨመረ፤ አንዱ ዘምቢሉን ከነቲማቲሙ አስቀምጦ መጣ። ሴት ቀብር አትወጣምና ሽማግሌው ዞር ብሎ ለሴቶቹ እዚያው ቅሩ የሚል ምልክት ሰጠ። እትዬ ለፀሐዩ ያዘነላት መስሏት ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠች።

እኔ ጫማዬ ተበጥሶ ወደ ኋላ ቀርቼ ነበር። ከሩቅ ያን ሁሉ ሰው ከቃሬዛ ጋር ሳይ ኢና ሊላሂ አልኩ። የማን ቤት ጨለመ ብዬ አዘንኩ። ዱዓዬን ጨርሼ ቀና ስል ነው አንሶላዬን ያወቅሁት።

ጀናዛ ደግሞ ይፈጥናል፣ ሱናው ነው። እነሱ በሱናው ይፈጥናሉ፣ እኔ በባዶ እግሬ በአሸዋው ላይ እሮጣለሁ። በእትዬ ፊት ሳልፍ «ምንድን ነው?» አለችኝ። ምሳዎ ሊቀበር ነው ብዬ እንዴት ልንገራት? ሩጫዬን ቀጠልኩ። ክፍሉ ሲሄድ፣ ልጄ ስትሄድ ነው የሚታየኝ። እሷም ተነስታ ቀሚሷን ሰብስባ ተከተለችኝ።

ስደርስ ወንዙ ዳር ካለው የመቃብር ስፍራ አጠገብ ቃሬዛው ወርዷል፣ ወንዶቹ ሦስት ረድፍ ሆነው ቆመዋል። ወፍ ወዳዱ ሰውዬም የአገሩ ሥርዓት መስሎት ኮፍያውን አውልቆ ከኋላው ረድፍ ገብቷል። ሽማግሌው ዱዓውን ለወንድ ነው ለሴት የሚያደርገው? ያን ሳያውቅ መጀመር አልፈለገም። እኔን እያለከለክሁ ሲያይ የሟች ዘመድ መሰልኩት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሶማሊኛ ጠየቀኝ፤

«አባዮ፣ አላህ ያጽናሽ። ወንድ ነው ሴት?»

እሱ እህቴ ማለቱ ነው። እኔም አጎቴ ብዬ መለስኩለት፤

«አደር፣ ፍየል ነው።»

አንሶላውን ገለጥኩት። የሄሉ ሽታ ወጣ። ሽማግሌው ሐብሐቡን አየ፣ ድስቱን አየ፣ ሰማይ አየ። ከረድፉ አንዱ፣ ለሟች እንደሚባለው፣ ታዲያ ፍየሉ ደግ ነበር ወይ ብሎ ሲጠይቅ ሰዉ ሁሉ አሸዋው ላይ ቁጭ እስኪል ሳቀ። ለወፍ ወዳዱ ያስረዳው ስለሌለ ኮፍያውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

ከመቃብሩ ራቅ ብለን ወንዙ ውስጥ ምሳው ቀረበ። እስከዚህ የተሸከመ ሰው ሳይበላ አይሸኝም። ግንበኞቹ በሉ፣ ባለ ቲማቲሙ ሰላጣ አደረገልን። ሽማግሌው በሕይወቱ እንዲህ ያማረ ሟች አልተሸከምኩም ብሎ ለእትዬ ንገሪልኝ አለኝ፤ ነገርኳት፣ ከንፈሯን ነክሳ ፊቷን አዞረች። እኔ የማየው ሳህኗን ብቻ ነበር። ሳህኗ ባዶውን ሲመለስልኝ፣ አንዲት ፍሬ ሩዝ እንኳ ሳይተርፍበት፣ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ማታውን እትዬ ነገ ዕቃሽን ይዘሽ ነይ አለችኝ። በወሩ ልጄ መጣች። እዚያ ወጥ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠራሁ።

ወፍ ወዳዱ ሰውዬ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ጠጉሩ ነጭ ሆኖ፣ ሊጠይቀን መጣ። ሩዙን አቀረብኩለት። አንድ ጊዜ ጎርሶ ቀና አለና ያን አርብ የእትዬን ሳህንም የበላሁት እኔ ነኝ አለኝ። በጀናዛ የመጣ ምግብ በጉሮሮዬ አይወርድልኝም ብላ፣ አንዴም ሳትቀምሰው፣ ከጀርባዋ አሾልካ አቀብላው ነበር።