ያልታረደችው ፍየል

ይሄ ነገር ያጋጠመኝ ካርቱም ውስጥ ነው፤ ውጊያው ከመነሳቱ በፊት በነበረው የአረፋ ሰሞን። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ጽሕፈቴን አትዩብኝ። ወሬ ላይ ግን ማንም አይደርስብኝም፤ ዴም ሰፈር የኖረ ሐበሻ ሁሉ ይመሰክራል። ስንት ጉድ አይቼ ረስቻለሁ፣ ይሄ ግን አልረሳ አለኝ። ምክንያቱም በሕይወቴ ስጋ እጄ ገብቶ ሳልበላው የቀረሁት ያኔ ብቻ ነው።

የቀን ሥራ ነበር የምሠራው። ሪያድ በሚባለው የሀብታም ሰፈር አንድ ቪላ እየታደሰ፣ እኔ አሸዋና ብሎኬት አመላልሳለሁ። ጉልበቴን ብታዩ ሁለት ሰው ነው የምትሉት። የቤቱ ወጥ ሠሪ ሱኒል የሚባል የስሪላንካ ሰው ነበር። ጸጉሩ የሸበተ፣ ቀጭን፣ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። «አሚ» እለዋለሁ፣ በአረብኛ አጎቴ እንደማለት። የሁለታችንም አረብኛ ስብርብር ያለ ስለነበር በደንብ እንግባባለን።

ሃይማኖቱ የቡድሃ ነው። ትንኝ ክንዱ ላይ ካረፈች እፍ ብሎ ይሸኛታል። እኔ የራሴን በጥፊ ስላት ፊቱን ያዞራል። «አንተ ራስህ ለጌቶችህ ስጋ ትጠብስ የለ እንዴ?» ብዬ ስተርበው «እጠብሳለሁ፤ እንጀራዬ ነው፣ እሱም ይከብደኛል» ይለኛል።

አንድ ቀን በስሜ ጠርቶ «ጌቴ፣ ከብት ታውቃለህ?» አለኝ።

«እኔ? አሚ፣ እኔ እኮ ጀርባው ላይ እጄን ጣል ካደረግኩ ስንት ኪሎ ስጋ እንደሚወጣው እነግርሃለሁ!»

«እንግዲያው ነገ ገበያ ውሰደኝ።»

በቃ፣ ለጌቶቹ ሊያርድ ነው ብዬ ደመደምኩ። ክፍሌ ስገባ አብረውኝ ለሚኖሩት ለሰይድና ለመላኩ አወጅኩ። «ነገ ስጋ አለ! ሰውየው አይበላም፣ የኛ ድርሻ ብዙ ነው!» ሰይድ የወሎ ልጅ፣ መላኩ የጎንደር ልጅ ነው፤ ስጋ ሲሉ ግን የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

በማግስቱ ገበያ ሄድን። እኔ ሙክቱን እየዳበስኩ፣ ጥርስ እየገለጥኩ ሳማርጥ ሱኒል ጥሎኝ አለፈ። ጥግ ላይ እግሯን ታስራ የምትጮህ አንዲት ነጭ ፍየል ጋ ሄዶ ቆመ። «ይቺን» አለ።

«አሚ፣ ይቺ እኮ አጥንት ናት! እኔን የሚያውቅ ሰው እዚህ ቢያየኝስ?»

ነጋዴው ሳቀ። «አንተ ሐበሻ፣ ወዳጅህ ዓይኑን ያመዋል እንዴ? እዚሁ ልረድላችሁ?» ብሎ ቢላ ሲያነሳ ሱኒል ሮጦ መሃል ገባ። የፍየሏን እግር ፈታ። ከኪሱ ነጭ ክር አውጥቶ አንገቷ ላይ አሰረላት፣ ግንባሯን ይዞ በቋንቋው አንሾካሾከ። «አሚ፣ ምንድነው ይሄ?» አልኩት።

«ለእናቴ ነው» አለኝ። እናቱ አገሯ ሆስፒታል ተኝታለች፤ በማግስቱ ልቧን ኦፕሬሽን ልትሆን ነው። በነሱ ወግ ሰው ሲታመም፣ ሊታረድ የቀረበ እንስሳ ገዝተው ነፍሱን ያተርፋሉ፤ በረከቱ ለታማሚው ነው። ስልኩን አውጥቶ በቪዲዮ ደወለላት። አልጋ ላይ ያለች አንዲት ደቃቃ አሮጊት ብቅ አለች። ስልኩን ወደ ፍየሏ ሲያስጠጋ ፍየሏ ላሰችው። ሴትዮዋ ሳቀች፤ እንደ ሕፃን ነው የሳቀችው። ከዚያ እኔን አየችና የሆነ ነገር አለች።

«ምን አለች?»

«ይሄ ልጅ ፊቱ ደግ ነው፣ እሱ ይጠብቃታል አለች። ጌቶቼ ግቢ ባስገባት ነገ ለአረፋ ያርዷታል። አንተ ውሰዳትና የማያርዳት ሰው ፈልግላት። ጠዋት እናቴ ኦፕሬሽን ከመግባቷ በፊት ሁለታችሁንም በአንድ የቪዲዮ ጥሪ አገናኝቼ አሳያታለሁ።»

ፍየሏን ታቅፌ ረክሻ በሚሉት ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። እውነት ልናገር፤ መንገድ ላይ «ይቺን በልተን ነገ ሌላ ነጭ ፍየል ላይ ክር ባስርስ? በስልክ ማን ይለያል?» ብዬ አስቤያለሁ። ግን የዚያች ሴትዮ ሳቅ ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

ዴም ስደርስ ሽንኩርቱ ተከትፏል፣ ድስቱ ተጥዷል፣ መላኩ ቢላ ይዞ በር ላይ ቆሟል። «እንኳን ደህና መጣሽ እመቤቴ!» አለ ለፍየሏ።

መውጫ አጣሁ። ከዚያ ግን ሁለቱን ማጣላት ቀላል መሆኑ ትዝ አለኝ። «ማነው የሚያርዳት?» አልኩ።

«እኔ ነኛ» አለ ሰይድ።

«አንተ ካረድክ እኔ ሽንኩርቱን ብቻ ልበላ ነው?» አለ መላኩ።

«አንተ ካረድክ ደግሞ እኔ ሽታውን ልበላ?»

እስላምና ክርስቲያን አንዱ ያረደውን ሌላው ስለማይበላ ክፍላችን ውስጥ ይሄ የዘወትር ጭቅጭቅ ነው። ያን ቀን ግን ጆሮዬ እንደ ዘፈን ሰማው። በመጨረሻ ሰይድ ገመዱን ሲጎትት ክሩን አየ። «ይሄ ምንድነው?»

«ስለት ናት» አልኩ።

እሳት እንደነካ ሰው እጁን አነሳ። ስለት የማይፈራ የኛ አገር ሰው የለም፣ ቢሰግድም ቢያስቀድስም። መላኩ ግን ተስፋ አልቆረጠም። «ስለት ታርዶ አይደል እንዴ የሚበላው?»

«የነሱ ሳይታረድ ነው የሚደርሰው።»

«ሳይታረድማ ምኑ ስለት ነው! እሱ እንግዳ መቀበል ነው!»

የሰውየው እናት ነገ ልቧ ሊቀደድ ነው ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰይድ ወሎ የቀሩት እናቱ ትዝ አሉት መሰለኝ፣ ቢላውን ከመላኩ እጅ ወስዶ ፍራሽ ሥር ከተተው። «በሰው እናት አልጫወትም» አለ። መላኩም ድስቱን አየ፣ ፍየሏን አየ፣ ከዚያ ምስር ሊያጥብ ተነሳ።

እኔ ፍየሏን ይዤ ኻልቲ ሐዋ ዘንድ ሄድኩ። ኻልቲ በአረብኛ አክስቴ እንደማለት ነው፤ እሷ መንገዳችን ጥግ ላይ ሻይ የምትሸጥ ሱዳናዊት ናት፤ የልጅ ልጆቿን የምታሳድግ ድሃ፣ ግን ግቢ ያላት። እንዳታርዳት አስምዬ ሰጠኋት። እሷ የፍየሏን ሆድ በእጇ ዳበስ ዳበስ አደረገችና አፈጠጠችብኝ።

«አንተ ከብት አዋቂ! እርጉዝ መሆኗን አላየህም? እርጉዝ ማን ያርዳል!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ኪሎ የሚያውቀው እጄ ሆድ አያውቅም ለካ።

ጠዋት ሰይድ የአረፋ ልብሱን ለብሶ፣ መላኩም ፀጉሩን አበጥሮ አብረውኝ መጡ። ሱኒል ሲደውል ሁላችንም ከፍየሏ ኋላ ተኮለኮልን። መላኩ በአማርኛ «አይዞዎት እማማ!» እያለ ይጮሃል። አሮጊቷ ምንም አልገባትም፤ ሁለት እጇን ገጥማ ግንባሯ ላይ አደረገች። ከዚያ አልጋዋን እየገፉ ወሰዷት።

የዚያን ቀን መቀመጥ አቃተኝ። የማላውቃት ሴት ናት፣ ስሟን እንኳ አልጠየቅኩም፣ ግን ስልኬን ደጋግሜ አያለሁ። ከሰዓት በኋላ ሱኒል ደወለ። «ወጣች፣ ነቅታለች» አለኝ። መንገድ ላይ ዘለልኩ። ሐኪሞቹ ግማሹን ሠሩ፣ ፍየሏ ሩቡን፣ ቀሪው የኔ ነው።

በኋላ ሥራ ላይ ስንገናኝ «አሚ፣ ባትወጣስ ኖሮ? ፍየሏ አትቆጭህም ነበር?» አልኩት።

«እንዴት ይቆጨኛል? ስትፈታ ሳያት ደስ አለኝ። ያንን ደስታ ያኔውኑ አግኝቼዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ማን ይነጥቀኛል?» አለኝ።

ፍየሏ ሁለት ወለደች። የኻልቲ ሐዋ የልጅ ልጆች ወተት ጠጡ። ውጊያው ሲነሳ ኻልቲ ሐዋ ከነፍየሎቿ በአህያ ጋሪ ከሰፈር ስትወጣ አይቻታለሁ፤ ዕቃዋን ጥላ ነው እነሱን የጫነችው።

እኔም ካርቱምን ለቅቄያለሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ስጋ በልቻለሁ፣ ያንዱንም ጣዕም አላስታውስም። ያቺ ያልበላኋት ፍየል ግን እስካሁን ትጣፍጠኛለች። ሳቁ፣ እውነቴን ነው።