እትዬ ምድጃ እና ግትሯ ክሪስታል

በላቦራቶሪው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «እትዬ ምድጃ» ይላታል። ብረትን አርሰኒክ ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር በመስታወት ቱቦ አሽጋ፣ ምድጃ ከትታ፣ ክሪስታል እስኪሆን ስትጠብቅ ጸጉሯ የሸበተ ሴት ናት። እናቷ ለጎረቤት «ልጄ ድንጋይ ትቀቅላለች፣ ድንጋዩ ግን እስካሁን አልበሰለም» እያሉ ያሟታል። ሐሜት ይሁን እንጂ ውሸት አልነበረም።

የነገሩ ጣጣ እንዲህ ነው። አንዳንድ ብረት ያለባቸው ክሪስታሎች ክፉኛ ሲቀዘቅዙ ኤሌክትሪክ ያለ አንዳች ብክነት ያልፍባቸዋል፤ ኤሌክትሮኖቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚሄዱ ነው። ማግኔትነት ደግሞ የጥንዶቹ ደመኛ፣ መሀል ገብቶ የሚያፋታ ተብሎ ሲታማ ኖሯል። በብረት ሰፈር ግን ወሬው ተገለበጠ። ጥንዶቹ ብቅ የሚሉት ማግኔትነት በነበረበት ቦታ፣ እሱ ደከም ሲል ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያውኑ ያጣመራቸው ያው አፋቺ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። እትዬ ምድጃ በራሷ ቅመማ ሁለቱን ከነሙሉ ጉልበታቸው ባንድ ጣሪያ ስር ማየት ፈልጋ ነው የደከመችው።

አለቃዋ፣ ደግ ግን የሰለቻቸው ፕሮፌሰር፣ ቁርጡን ነግረዋታል። ይህች ክሪስታል የረባ ነገር ካላሳየች ምድጃው ሰኞ ለሌላ ቡድን ይሰጣል።

ክሪስታሏ አሳየች። ጥንዶቹም አሉ፣ ማግኔትነቱም ከነጉልበቱ አለ። ፕሮፌሰሩ ምሳቸውን ትተው ለበላዮቻቸው ሊደውሉ ተነሱ። እሷ ላይ ግን ደስታው አልጋባ አለ። ክሪስታሏን ቢያቀዘቅዟትም ቢያሞቋትም ማግኔትነቱ ንቅንቅ አይልም፤ የቤቱ ሰው ሳይሆን ጥግ ይዞ የተቀመጠ እንግዳ ይመስላል። ቆይቶ ትዝ አላት። የፕላስቲኩ ወረንጦ የተሰበረ ቀን ክሪስታሏን ያነሳቻት ከቦርሳዋ ባወጣችው የቅንድብ ወረንጦ ነበር። እሱ ደግሞ ብረት ነው፤ ብናኙ ክሪስታሏ ላይ ቀርቶ ይሆናል።

ይህንኑ ለፕሮፌሰሩ ነግራ ስልኩን አስዘጋቻቸው። ክሪስታሏን በአሲድ አጥባ እንደገና ለካቻት። ጥንዶቹ እንዳሉ ናቸው፤ ማግኔትነቱ ከእጣቢው ጋር ሄዷል። የቀረው ሌሎች ከዓመታት በፊት ያዩት ነገር ነው።

ፕሮፌሰሩ ወደ ምሳቸው ተመልሰው ተቀመጡ።

«ዝም ብትይ እኮ ማንም አያውቅም ነበር።»

«እኔ ዝም ብል እሷ ታወራለች» አለች፣ ክሪስታሏን ባገጯ እያሳየች። «ነገ ሌላ ሰው ይለካታል።»

አዲስ ብታስገባ ቀዝቅዞ እስኪወጣ ምን ያህል እንደሚፈጅ ጠየቋት። ሰኞን አልፎ ሳምንታት እንደሚሄድ፣ ይህንንም እሳቸው ራሳቸው እንደሚያውቁ ነገረቻቸው።

«እንግዲያው ዛሬውኑ አስገቢ» አሉ፣ የቀዘቀዘ ምሳቸውን ወደ ራሳቸው እየሳቡ። «የጋለ ምድጃ ተሸክሞ የሚሄድ ቡድን እስካሁን አላየሁም።»

ሳቅ መጣባት፣ ግን ለመሳቅም አቅም አነሳት። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች። ከዚያ ተነስታ ብረቱን መመዘን ጀመረች።