ስንጥቄዎች የሚኖሩበት ክፍተት

በውሃ መሥሪያ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ፣ የቧንቧ መስመሮች በሚነደፉበት ክፍል የምትሠራዋን ሴት ባልደረቦቿ ሚሊሜትር ይሏታል። ስሙ የወጣላት አንድ መሐንዲስ ፈርሞ ያጸደቀውን ንድፍ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አይታ፣ ይህ ቫልቭ አንድ ሚሊሜትር ወደ ግራ ስቷል፣ መሬት ላይ ሲወርድ የሰው ሳሎን ይገባል ያለች ቀን ነው። ሄደው ቢለኩ እውነትም ሳሎን ውስጥ ነበር፤ ያውም ሶፋው ሥር። ከዚያ ወዲህ እሷ ሳታየው ከክፍሉ የሚወጣ ንድፍ የለም።

ሚሊሜትር አርባ አንድ ዓመቷ ነው። መቀመጥ አይሆንላትም። ቆማ ትነድፋለች፣ ቆማ ምሳዋን ትበላለች፣ በስልክ ስታወራ ከመስኮቱ እስከ በሩ አሥራ አንድ እርምጃ ትመላለሳለች። ወንበሯ ላይ ለዓመታት የተቀመጠው ቦርሳዋ ነው። ባልደረቦቿ ቦርሳሽ ጡረታ ሊወጣ ነው እያሉ ይቀልዱባታል፤ እሷም እየሄደች ትስቃለች።

ይህች ሴት የምትነድፈው ቧንቧ ብቻ አይደለም። የአንዲት ፕላኔት ካርታም በእጇ ነው።

እናቷ ሠላሳ ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ኖራለች። ልብስ በምትቀድበት ቡናማ ወረቀት ጀርባ ላይ፣ መብራት ሲጠፋና ማሽኑ ሲቆም፣ በእርሳስ የጻፈችው ነገር ዛሬ ሰባት መጽሐፍ ሆኗል። ፕላኔቷ ዛውራ ትባላለች። ሰፈሩ ደግሞ እናትየዋን «ባለፕላኔቷ» ይላታል። ባለሱቁ፣ እዚያ ነፋሱ እንዴት ዋለ ሳይላት ዳቦዋን አይሰጣትም።

ነፋሱ እንደዋለ ነው የሚያድረው። ዛውራ ላይ አንድ ነፋስ ብቻ አለ፤ ከፀሐይ መውጫ ወደ መግቢያ፣ ሳያርፍ፣ ሳይዞር ይነፍሳል። ፕላኔቷን መሃል ለመሃል የሚከፍል የተራራ ሰንሰለት አለ። ነፋሱን ፊት ለፊት የሚቀበሉት ፊተኞች ቤታቸውን መሬት ውስጥ ቆፍረው ይኖራሉ። ነፋሱ ቃል ከአፍ ስለሚነጥቅ የሚያወሩት በእጃቸው ነው። ልጅ ሰባት ዓመት እስኪሞላው፣ እንዳይወሰድ፣ ኪሱ በድንጋይ ይሞላል። ከተራራው ጀርባ ጸጥተኞች አሉ። እዚያ ቅጠል አይነቃነቅም። የምድጃ ጭስ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ማን ምን እንዳበሰለ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጸጥተኛን መስደብ የፈለገ ሰው ፊቱ ላይ እፍ ይልበታል፤ በዚህ የተነሣ ስንት ደም ፈሷል።

በመካከላቸው ስንጥቄዎች ይኖራሉ። ተራራው በአንድ ቦታ ላይ ተሰንጥቋል፤ የዚያ አገር ነፋስ ሁሉ በዚያች ጠባብ ቦታ ሲያልፍ ያፏጫል። ስንጥቄዎች በገመድ ተያይዘው ይኖራሉ፤ ወንድና ሴት የሚጋቡት የገመዳቸውን ጫፍ ተለዋውጠው ነው። በቆዳ ከረጢት ነፋስ እየሞሉ ወደ ጸጥተኞች አውርደው ይሸጣሉ፤ ለታመመ ሰው፣ እህል ለማንፈስ። ነፋስ የሌለበት ቦታ ካደሩ ግን ትንፋሻቸው የቆመ እየመሰላቸው ብድግ ብድግ ይላሉ። አንባቢ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው እነሱን ነው።

እነሱን የወለዳቸው ስሕተት ነው። ይህን የምታውቀው ሚሊሜትር ብቻ ነበረች።

ነገሩ የሆነው የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት ነው። ያኔ ከእናቷ ጋር ተኳርፋ ከቤት ከወጣች አሥራ አራት ወር አልፏት ነበር። በወጣችበት ቀን፣ አንቺ የወለድሽው እኔን ሳይሆን ዛውራን ነው ብላ በሩን ወርውራ ዘግታዋለች። የሁለተኛውን መጽሐፍ ካርታ ለመሥራት ግን ከጠቡ በፊት ቃል ሰጥታለች፤ እሷ ደግሞ ቃሏን የምታጥፍ ሰው አይደለችም። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ በአንድ እጇ የተጠበሰ ድንች እየበላች በሌላው ሰንሰለቱን አሰመረች። ወረቀቱን የያዘችበት ጣት ዘይት ነበረው። ቀለም ዘይት ላይ አይዝም፤ እርጥብ ሳለ የያዘ ይመስላል፣ ሲደርቅ ግን ግራና ቀኝ ይሸሻል። ሦስት ሚሊሜትር ነጭ ቦታ ቀረ። እሷ መድረቁን ሳትጠብቅ ጠቅልላ፣ ያለ አንድ መስመር ደብዳቤ፣ በመልእክተኛ ላከችው።

በማግስቱ እናቷ አራት ፎቅ ወጥታ በሯን አንኳኳች። በእጇ ብርቱካን ይዛለች። መጣሁ አለች፤ ሌላ ምንም አላለችም። ሚሊሜትር ምን እንዳመጣት አልገባትም፤ ግን አልጠየቀችም፣ ተቃቅፈው አለቀሱ። የገባት ሦስተኛው መጽሐፍ ስንጥቄዎችን ይዞ ሲወጣ ነው። እናትየዋ ለጎረቤት ሁሉ ትናገር ነበር፦ ልጄ መናገር ቢያቅታት የተራራውን ግድግዳ ከፍታ ላከችልኝ። ሚሊሜትር ያን ስትሰማ ድንቹና ዘይቱ ትዝ አላት። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስትል አሥራ ስምንት ዓመት ሄደ።

ባለፈው ሰኞ አሳታሚው ደወለ። ሰባቱ መጻሕፍት በአንድ ጥራዝ ሊወጡ ነው። ታዲያ አንድ ጡረተኛ ዳኛ አሥራ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጽፈዋል። በአንደኛው መጽሐፍ ገጽ አርባ ላይ ተራራው ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀዳዳ የለውም ተብሏል፤ ስለዚህ ስንጥቄዎች በሕግ የሉም ይላሉ። አሳታሚውም አምኖላቸዋል። ክፍተቱ ይዘጋ፣ የስንጥቄዎቹም ምዕራፎች ይውጡ፣ ጥራዙም ይቀልልናል አለ። እስከ ሐሙስ አሳማኝ ምክንያት ካልመጣ ወደ ማተሚያ ቤት ሊልከው ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ባለፕላኔቷ ሳትነግራት ቢሮ መጣች። ቦርሳውን አንስታ መሬት ላይ አስቀመጠችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ አልከፈትኩትም፣ አንቺ ነሽ የከፈትሽው» አለች። «ለምን እንደከፈትሽው በራስሽ አፍ ንገሪኝ። ልጻፍለትና ያ ሽማግሌ አፉን ይያዝ።»

ሚሊሜትር ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ተመለሰች። እንደገና ሄደች። ውሸት ለመፍጠር ጊዜ ነበራት፤ እናትየዋ እርሳሷን ቀርጻ ጉልበቷ ላይ ወረቀት ዘርግታ እየጠበቀች ነው። አንድ ቆንጆ ዓረፍተ ነገር ብቻ ብትናገር ስንጥቄዎች ይተርፉ ነበር። ግን ያን ዓረፍተ ነገር እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ ለጎረቤት ስትናገረው ልትሰማ ነው። እግሯ ቆመ።

«እማዬ፣ እኔም አልከፈትኩትም። ድንች እየበላሁ ነበር። ጣቴ ላይ ዘይት ነበረ፣ ቀለሙ አልያዘም። መከፈቱንም ያወቅኩት ካንቺ አፍ ነው።»

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ድንገት ሥራ በዛባቸው። እናትየዋ እርሳሷን ቀስ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ድንች» አለች። ከዚያ ተነሥታ ወጣች።

ሚሊሜትር ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ተከተለቻት። እናትየዋ በመንገዱ ዳር ሽቅብ ይዛዋለች። የጫማ ጠጋኙን አለፈች፣ ፋርማሲውን አለፈች፣ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ማቆሚያ አልፋ ሁለተኛውንም ሳታየው አለፈችው። ልጅ ደግሞ አሥር እርምጃ ወደኋላ ቀርታ፣ ሳትደርስባት፣ ሳትርቃት ትከተላለች። ያቺ ሴት ጉልበቷን ታማ ሳለ እንዲህ መራመዷ የሚገርም ነበር። ሚሊሜትር የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሥራ አራት ወር እንደገና ይጀምራል። በዚህ ዕድሜያቸው አሥራ አራት ወር ከየት ይመጣል?

ሦስተኛው ማቆሚያ ጋ ጉልበቱ እምቢ አለ። እናትየዋ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች።

«ተቀመጪ።»

«ቆሜ ይሻለኛል።»

«አሥራ ስምንት ዓመት ቆመሽ ምን አገኘሽ?»

ሚሊሜትር ተቀመጠች። አውቶቡስ መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ የሚገባ ሲያጣ ዘግቶ ሄደ።

«በዚህ ጉልበቴ አራት ፎቅ የወጣሁት ለድንች ነው በይኛ» አለች እናት። «ለምን ዝም አልሽ?»

«ከነገርኩሽ ተመልሰሽ የምትሄጂ መሰለኝ።»

«አንቺ ጅል።» መሀረቧን አውጥታ ፊቷን ሳይሆን ጫማዋን ጠረገችበት። «ካርታው የመጣ ቀን ፖስታውን ገልብጬ አራገፍኩት። ደብዳቤ የለም። እስቲ በጀርባው ብዬ ገለበጥኩ፤ የለም። ከዚያ አጉሊ መነጽሬን አምጥቼ ካርታውን ቅማል እንደሚፈለግበት ልብስ ፈተሽኩት። አንድ ነገር እንዳገኝ ብቻ ነበር የምፈልገው፣ ይገባሻል? የቀለም ጠብታ ባገኝ አልቅሳ ነው እል ነበር። የመርፌ ቀዳዳ ብታስቀሪልኝ በእሷ እገባ ነበር። እግሬ ከቤት ሊወጣ ሰበብ ያጣ እግር ነበር እኮ።»

ሚሊሜትር ወደ እሷ ጠጋ አለች። እጇን ስትልክ እናቷ ያዘቻት፤ ግን እንደ ይቅርታ ሳይሆን ጨርቅ ሲቀደድ ጫፉን ያዢልኝ እንደሚባለው አያያዝ፣ አጥብቃ።

ቁጣዋ ያልበረደ መሆኑ ከፊቷ ይታወቅ ነበር። ይህን ነገር ገና አነሣብሻለሁ፣ ደጋግሜ አነሣብሻለሁ አለቻት። ሆኖም ባለፕላኔቷ ስትናደድም ጭንቅላቷ ሥራ አይፈታም። ሁለተኛው አውቶቡስ መጥቶ እስኪሄድ አሰበችና፣ ለመሆኑ ተራራው ቀዳዳ የለውም ያለው ማነው ብላ ጠየቀች። ገጽ አርባ ላይ የሚናገረው የጸጥተኞች ጸሐፊ ነው። ያ ሰውዬ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ከሰፈሩ ወጥቶ አያውቅም፤ ተራራውን ያየው በሩቁ፣ በመስኮቱ ነው። ለዳኛው የሚላከው መልስ አንድ መስመር በቃው፦ ምስክሩ በቦታው አልነበረም።

አሳታሚው ሳቀና ተቀበለ። ነገር ግን ለጥራዙ የሚሆን ታጥፎ የሚገባ ትልቅ ካርታ እስከ ሐሙስ እንዲደርስለት ፈለገ።

ረቡዕ ከሰዓት ሚሊሜትር ከቢሮ ፈቃድ ወስዳ በእናቷ የስፌት ክፍል ውስጥ፣ ልብስ መቅደጃው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘረጋች። ጣቷን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠበች። ሰንሰለቱን በአንድ ትንፋሽ አሰመረችና ክፍተቱ ጋ ስትደርስ ብዕሯን አነሣች። ሳታውቅ የከፈተችውን አሁን አውቃ መክፈት አለባት። የመጀመሪያውን ሙከራ እናቷ አየችና፣ ይሄ በር ነው፣ ማን ሠራው አለች። ሁለተኛውን፣ ይሄማ የቧንቧ አፍ ነው፣ ቫልቭ ግጠሚለት አለች። ሦስተኛው ሲቀደድ ሚሊሜትር ብዕሯን ጥላ ክፍሉን ትዞር ጀመር፤ ከማሽኑ እስከ መስተዋቱ ሰባት እርምጃ ነው።

ችግሩ የገባት እየዞረች ሳለ ነው። አዲሱ ካርታ ከአሮጌው ሰባት እጥፍ ይበልጣል። ሦስት ሚሊሜትር የነበረው አሁን ሁለት ሴንቲሜትር ሆኗል። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ነጭ ሆኖ ያለፈው ቦታ ውስጥ አሁን የሆነ ነገር መታየት አለበት። ሰንሰለቱን እንጂ ክፍተቱን አንድም ቀን አይታው አታውቅም ነበር።

«እማዬ፣ ገመዳቸው የሚታሰረው የት ላይ ነው?»

እናትየዋ ወደ መጻሕፍቷ ዞር አለች። ስለ ስንጥቄዎች አምስት መጽሐፍ ጽፋለች፤ ሲጋቡ፣ ሲነግዱ፣ ሲሞቱ። ገመዱ የት እንደሚታሰር ጽፋ አታውቅም።

«ከዓለት ላይ ይሆናል።»

«የትኛው ዓለት? ከየት በኩል ያለው? በነፋሱ አፍ ላይ ከሆነ በሳምንት ይበጠሳል።»

«እንግዲያ ከጀርባው።»

«ከጀርባው ከሆነ ልጆቹ እንዴት ይሻገራሉ?»

ስልኩ ጮኸ፤ አሳታሚው ነው፤ ማንም አላነሣውም። እናትየዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ከወንበሯ ተነሣች፣ ያን ጉልበቷን እያሸች መጣችና ከልጇ ጎን ቆመች። ሚሊሜትር አዲስ ወረቀት ዘርግታ ብዕሯን በነጩ ቦታ መካከል አሳረፈች፤ እናቷ፣ እዚያ አይደለም፣ ወደዚህ፣ ገደሉ ወዳለበት እያለች በጣቷ ታሳያታለች፤ እሷ ደግሞ ገደል መኖሩን ማን ነገረሽ እያለች፣ መስመሩን መሳብ ጀምራለች።