ሁለተኛ ያልተጠየቁት ሰው

አቶ ውድነህ ታክሲ ሲያሽከረክሩ ሬዲዮ አይከፍቱም ነበር። በዴንቨር ኤርፖርት የታክሲ መጠበቂያ ሜዳ ላይ ሌሎቹ ሾፌሮች ካርታ ሲጫወቱ ወይም ወንበራቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው ሲያንቀላፉ፣ እሳቸው መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው ወረፋውን ያያሉ። ስንት መኪና እንደገባ፣ ስንት እንደወጣ፣ የቺካጎው አውሮፕላን ምን ያህል እንደዘገየ በጭንቅላታቸው ይይዛሉ። አንድ ሾፌር መጥቶ «ጋሽ ውድነህ፣ ልጠብቅ ወይስ ልሂድ?» ሲላቸው ሰዓታቸውን አይተው፣ «ሂድ። መሃል ከተማ ያለው ስብሰባ ከምሳ በፊት ይበተናል፤ ሆቴሎቹ በር ላይ ሰው ታገኛለህ» ይሉታል። ምክራቸውን ሰምቶ የሄደ ሰው ባዶውን አይመለስም ነበር።

ልማዱ የመጣው ከቀድሞ ሥራቸው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የአውቶቡስ ድርጅት ስምሪት ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል፤ የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ዓመታት በኃላፊነት። የትኛው አውቶቡስ፣ በየትኛው ሾፌር፣ በየትኛው መስመር፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ። ቢሯቸው ግድግዳ ላይ ምስማር በረድፍ የተመታበት ሰፊ ጣውላ ነበር፤ በየምስማሩ የአውቶቡስ ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮ ይንጠለጠላል። የሽሮ ሜዳን ዳገት የማይችለውን አውቶቡስ ያውቁታል። ሚስቱ አራስ የሆነችበትን ሾፌር ሳይጠይቃቸው አጭር መስመር ይሰጡታል። አንድ ጠዋት ሰባት ሾፌሮች ቀርተው አንድም መስመር ሳይቋረጥ ዋለ። ማታ ሥራ አስኪያጁ ወርዶ ጣውላውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተና ምንም ሳይናገር ተመለሰ። አቶ ውድነህ ከተሰጧቸው የምስክር ወረቀቶች ሁሉ ያንን ዝምታ አብልጠው ያስታውሱታል።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሠርካዲስ ጋር በናይሮቢ በኩል ዴንቨር ገቡ። ካፒቶል ሂል ውስጥ አንድ ክፍል ተከራዩ፤ እሳቸው ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጠቡ፣ ከዚያ ታክሲ ያዙ። ቅጽ በሞሉ ቁጥር «ሥራ» ከሚለው ፊት «ሾፌር» ብለው ይጽፋሉ። «የቀድሞ ሥራ» የሚለውን ባዶ ይተዉታል።

በኅዳር 2005 የኤርፖርቱ ሾፌሮች የራሳቸውን የታክሲ ኩባንያ ሊያቋቁሙ ኢስት ኮልፋክስ ላይ ባለ አንድ ምግብ ቤት የኋላ አዳራሽ ተሰበሰቡ። እሑድ ከሰዓት ነበር፤ አንድ መቶ ስድሳ ሰው መጣ፣ ወንበር ያላገኘው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሰባት የቦርድ አባላት መመረጥ ነበረባቸው። ስብሰባውን የመራው ጠልሀ የሚባል የሠላሳ ዓመት ሰው ነው፤ ሃይስኩልም ኮሌጅም እዚሁ የተማረ፣ ስብሰባ እንዴት እንደሚመራ ከመጽሐፍ ያነበበ። አጀንዳውን አትሞ አድሏል። ሕጉንም በግልጽ አስረዳ፤ አንድ ሰው ይጠቁማል፣ ሌላው ይደግፋል፣ የተጠቆመው ይቀበል እንደሆነ ይጠየቃል፣ ከዚያ ድምፅ ይሰጣል።

አቶ ውድነህ ያደጉበት የዕድር ምርጫ እንዲህ አልነበረም። እዚያ የተጠቆመ ሰው «አልችልም፣ ሌላ ይሁን» ይላል። ሕዝቡ ያጉረመርማል። እሱም «ጊዜ የለኝም» ብሎ ይደግማል። ያኔ አንድ የሚያውቀው ሰው ይነሣና ምን እንደሠራ፣ ምን እንደሚችል ለጉባኤው ተናግሮ «በሞቴ!» ይለዋል። በሦስተኛው ልመና ተጠቋሚው «እንግዲህ ካላችሁ» ብሎ ይቀበላል። በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ያለ ሰው ሹመት የጠማው ተብሎ ይታማል፤ ስለ ራሱ ሙያ በራሱ አፍ የተናገረ ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው።

መርካቶ ውስጥ ጨርቅ ይነግድ የነበረው ሽኩር ገና ምርጫው ሲከፈት እጁን አወጣ።

«ጋሽ ውድነህ! እሳቸው ባይኖሩ ግማሻችን እዚያ ሜዳ ላይ እንደተኛን ጡረታ እንወጣ ነበር።»

«አንተ አሁንስ መች ነቃህ?» አለ አንድ ከኋላ የቆመ ሰው። አዳራሹ ሳቀ። ድጋፉም ወዲያው መጣ።

«ጋሽ ውድነህ፣ ይቀበላሉ?» አለ ጠልሀ።

አቶ ውድነህ ተነሡ፤ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። «እኔ አርጅቻለሁ» አሉ። «ለወጣቶቹ ቢሰጥ ይሻላል።»

«እናከብራለን፤ እናመሰግናለን» አለ ጠልሀና ማስታወሻው ላይ ጻፈ። «ቀጣይ ጥቆማ።»

አቶ ውድነህ ወዲያው አልተቀመጡም። አጠገባቸው ወደነበረው ወደ ይመር ዞሩ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ጣውላውን በዓይኑ ያየ ይመር ብቻ ነበር። ገና ጎረምሳ ሳለ፣ ከአገር ከመውጣቱ በፊት፣ ለስምንት ወር የስምሪት ጸሐፊ ሆኖ በእሳቸው ሥር ሠርቷል፤ እርሳስ አያያዝ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው ብሎ ይቀልድ ነበር። አሁን ጎንበስ ብሎ የመኪናውን ቁልፍ ከቀለበቱ ያወጣል፣ መልሶ ያስገባል። ከአራት ሰው በኋላ ይመር ራሱ ተጠቆመ። «እቀበላለሁ» አለ፤ ሰባተኛው ወንበር የእሱ ሆነ።

ያን ማታ ወይዘሮ ሠርካዲስ ገና በሩ ሲከፈት ጠየቁ።

«ተመረጥክ?»

«ጠየቁኝ።»

«እና?»

«አይሆንም አልኳቸው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሌላ ሰው ጠየቁ።»

ወይዘሮ ሠርካዲስ የያዙትን ፎጣ ወንበር ላይ ጣሉት። «እዚህ አገር የሚጠይቁት አንዴ ነው! አሥራ አራት ዓመት ኖረህ ይህን አልሰማህም? እኔን አረጋውያን በምጦርበት ነርሲንግ ሆም ሥራ የጀመርኩ ቀን ምሳ ቢጋብዙኝ ‹በልቻለሁ› ብዬ ጦሜን አልዋልኩም? ከዚያ ወዲያ ጥያቄውን ሳይጨርሱ ነው ‹የስ› የምል።»

«ሠርካዲስ፣ ይህ ምሳ አይደለም።»

«ምሳማ ቢሆን ነገ ይደገማል። ይመርስ አልነበረም?»

«ነበረ።»

«ምን አለ?»

አቶ ውድነህ ጫማቸውን አወለቁ። «ቁልፍ ያስተካክል ነበር» አሉ።

በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ላይ የኩባንያው ጠበቃ የፈቃድ ማመልከቻውን ስታዘጋጅ ከሰባቱ የቦርድ አባላት የሥራ ታሪካቸውን ጠየቀች። እያንዳንዱ አንድ ገጽ ጽፎ አመጣ። አንዱ ለአሥር ዓመት የጂኦግራፊ መምህር ነበር። አንዱ የጦር ሠራዊት ካሚዮን ጠግኗል። አንዱ የከብት ሐኪም ረዳት ሆኖ ቦረናን በእግሩ ዞሯል። ሁለቱ እዚህ መጥተው ሒሳብ ተምረዋል። ሽኩር ስለ ጨርቅ ንግዱ ሁለት ገጽ ሞልቶ ጠልሀ ወደ አንድ አንቀጽ አሳጠረለት። ጠበቃዋ ሁሉንም አንብባ ስትጨርስ ቀና አለች።

«ፈቃድ ሰጪዎቹ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ይህ ነው» አለች። «ከእናንተ ውስጥ መኪና አሰማርቶ የሚያውቅ ማን ነው?»

ከስድስቱ አንድም እጅ አልወጣም። ይመር ጉሮሮውን ጠርጎ ወረቀቱ ላይ ያለውን መስመር አሳየ፤ «በአውቶቡስ ድርጅት የስምሪት ክፍል ሠርቷል» ይላል። ጠበቃዋ ደስ አላት። የቀድሞ አለቃው የሚሰጠው የማረጋገጫ ደብዳቤ እንደሚያስፈልግ ነገረችው።

ከቢሮዋ ሲወጡ ጠልሀ፣ «አለቃህ በሕይወት አሉ?» ብሎ ጠየቀው።

«አሉ።»

«የት? አዲስ አበባ?»

«ኤርፖርት» አለ ይመር። «ወረፋ ላይ።»

በማግስቱ ይመር መጠበቂያው ሜዳ ላይ የአቶ ውድነህን ታክሲ ከፍቶ ከጎናቸው ተቀመጠ። በምዕራብ በኩል ተራሮቹ ላይ ገና በረዶ ነበር። ደብዳቤውን ጽፎ አምጥቷል፤ የሚጎድለው የጊዜው ርዝመትና ፊርማ ብቻ ነው።

«ጋሽ ውድነህ» አለ፣ «ያን ቀን መነሣት ነበረብኝ።»

ወረፋው ሁለት መኪና ሲጠጋ አቶ ውድነህም አስነሥተው ተጠጉ፤ ሞተሩን አጠፉ።

«ወንበሩ የእርስዎ ነው። አሁንም ልለቅልዎ እችላለሁ። ለጠልሀ እነግረዋለሁ።»

ይህን ሲሰሙ አቶ ውድነህ ልባቸው ምን ያህል እንደመታ በኋላ ለባለቤታቸው ተናግረዋል። አፋቸው ግን የለመደውን ተናገረ። «ተው እንጂ፣ ምን ማለትህ ነው? አንተ ጎበዝ ነህ፣ ትሠራዋለህ።»

«እውነትዎን ነው?»

ይህ «እውነትዎን ነው» ሁለተኛ ጥያቄ ነው ለማለት ያስቸግራል። ይመር ሲናገረው አንድ እጁ የበሩ መክፈቻ ላይ ነበር። አቶ ውድነህም እጁን አዩ፤ ደብዳቤውን ተቀበሉ፤ በባዶው ቦታ «ስምንት ወር» ብለው ጻፉና ፈረሙ። ከፊርማው ሥር ማዕረግ የሚጻፍበት መስመር ነበር። ትንሽ አሰቡና «የስምሪት ኃላፊ» ብለው ሞሉት። አሜሪካ ከገቡ ጀምሮ ይህን ቃል በወረቀት ላይ ሲጽፉት የመጀመሪያቸው ነበር፤ የጻፉት ግን ለሌላ ሰው ምስክር ለመሆን ነው።

ከሳምንት በኋላ ጠበቃዋ ደብዳቤውን ለማጣራት ደወለችላቸው። ኃላፊ ሆነው ስንት ዓመት እንደሠሩ ጠየቀቻቸው፤ ዘጠኝ አሏት። ስንት አውቶቡስ ያሰማሩ እንደነበር ጠየቀቻቸው፤ ነገሯት። ከዚያ ለምን የቦርድ አባል እንዳልሆኑ ጠየቀቻቸው።

አቶ ውድነህ ስለ ዕድሩ፣ ስለ ሦስቱ ልመና፣ «በሞቴ» የሚል ሰው ስለመጥፋቱ ሊያስረዷት ፈለጉ። እንግሊዝኛቸው አድራሻ ለመጠየቅና ሻንጣ ለመጫን ይበቃል፤ ለዚህ አልበቃም። በመጨረሻ የወጣላቸው፣ «ጠየቁኝ፤ እምቢ አልኩ» የሚል ብቻ ነበር።

«ገባኝ» አለች ጠበቃዋ፣ አመስግና ዘጋች።

ፈቃዱ በ2007 ተሰጠ። ኩባንያው አውሮራ ውስጥ ቢሮ ተከራየ፤ በመግቢያው ግድግዳ ላይ የሰባቱ የቦርድ አባላት ፎቶ ከነሥራ ታሪካቸው ተሰቀለ። በይመር ፎቶ ሥር «በሕዝብ ማመላለሻ ስምሪት ልምድ ያላቸው» ይላል። ስምንት ወር የሚለው እዚያ የለም። ስምሪቱን የሚመራውም ይመር ሆነ። ሰማዩ ሲጠቁር ስልክ ይደውላል፤ «ጋሽ ውድነህ፣ በረዶ ሊጥል ነው፣ መኪኖቹን የት የት ላድርግ?» አቶ ውድነህ ታክሲያቸውን ዳር ያቆማሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ይነግሩታል። አሥሩን ሌክውድ፣ አሥራ አምስቱን ሆስፒታሎቹ አጠገብ፣ አሮጌ ጎማ ያላቸውን ከዳገት አርቅ። የነገሩት ሁሉ ሠራ። ሾፌሮቹም ይመርን አመሰገኑት።

የቦርዱ ዘመን አልቆ በ2009 ሁለተኛው ምርጫ ሲጠራ አቶ ውድነህ ስድሳ አንድ ዓመታቸው ነበር። ኮታቸውን አስተኮሱ። ከቤት እስከ አዳራሹ ብቻቸውን ሲነዱ አንዲት ቃል ደጋገሙ፤ «እቀበላለሁ።» በመጀመሪያው ጥያቄ፣ «አርጅቻለሁ» ሳይሉ፣ ወጣት ሳይጠሩ፣ እንዲሁ እቀበላለሁ ለማለት ቆርጠዋል። ይታማ የነበረው ሰው መታማቱ ምን ጎዳው? ይህን ለመጠየቅ አራት ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

ሽኩር እንደ ልማዱ ቀድሞ እጁን አወጣ። «ዘንድሮስ ጋሽ ውድነህን ብናስገባቸው ምናለ?»

አቶ ውድነህ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሊነሡ ጀመሩ። ከፊት ረድፍ ይመር ቀድሟቸው ተነሣ።

«ጋሽ ውድነህን አናስጨንቃቸው» አለ ወደ ሕዝቡ ዞሮ። «ያኔ ተጠይቀው እንደማይፈልጉ ነግረውናል። እኔም በግሌ ወንበሬን ልልቀቅልዎ ብያቸው እምቢ ብለውኛል። አባታችን ናቸው፤ ምክራቸው ይበቃናል። ፈቃዳቸውን እናክብር።»

ጠልሀ የድሮውን ቃለ ጉባኤ ገለጠ። «እውነት ነው» አለ። «እዚህ ተመዝግቧል፤ አልተቀበሉም።»

ይመር ይህን ያለው ለአክብሮት ይሁን ለወንበሩ አቶ ውድነህ ያን ቀንም ከዚያም በኋላ ሊለዩት አልቻሉም። በሰዓቱ ጊዜ አልነበረም። አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፤ አዳራሹ በሙሉ ተከተለ። እሳቸው ከወንበሩ በግማሽ ተነሥተዋል፤ ሕዝቡም ለጭብጨባው የተነሡ መሰለው። ቃሏን የሚያስገቡበት ክፍተት ጠበቁ፤ አላገኙም። ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እጅ ነሡና ተቀመጡ።

ቤታቸው ሲደርሱ ወይዘሮ ሠርካዲስ በሩን ከፍተው ቆመው ነበር።

«ተመረጥክ?»

አቶ ውድነህ የኮታቸውን ቁልፍ ፈቱ።

«አጨበጨቡልኝ» አሉ።