የባለቤቴ ቡልኮ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር

ማክሰኞ፣ ሲነጋ

ከደብረ ብርሃን ስወጣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። በቅሎዬ አመዳይ የመታውን ሣር እየሰበረች ትሄዳለች። ኮርቻ ሠሪ ነኝ፤ አንድ የአንኮበር ባላባት ያዘዙኝን ላደርስ ነው። ትከሻዬ ላይ ሟች ባለቤቴ የፈተለችው ቡልኮ አለ። ለልጅ መታቀፊያ ብላ ነበር የፈተለችው። ልጁ አልመጣም፤ እሷም ሄደች።

የነፍስ አባቴ ትናንትም፣ "ልጄ፣ ስለ ነፍሷ ለታረዘ ስጠው" አሉኝ።

"ሌላ ነገር እሰጣለሁ፣ አባ" አልኳቸው። ሁለት ዓመት ይህንኑ ስመልስ ኖርኩ። ጸሎቴም "ለምን ወሰድክብኝ?" ከማለት አላለፈም።

ማክሰኞ፣ እኩለ ቀን

የታጨደ ገብስ፣ ነፋስ፣ የድንጋይ ካብ። ከካቡ ሥር አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። ቆሎዬን አካፈልኳት።

"ወዴት ነው፣ እቴ?"

"አንኮበር፣ ጋሼ። ነገ ክርስትና ላስነሳ።"

"የሚያነሳውስ?"

"ማን አለኝ? አባትየው እንደዘመተ ቀረ። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የተገኘውን እለምናለሁ።"

በቅሎዬ ላይ አውጥቻት እኔ በእግሬ ሄድኩ። የሕፃኑ ፊት በቡትቶ ነጠላ ተሸፍኗል። "አይዞህ ማሙሽ" ስለው እናትየው አንገቷን ደፋች። የመንገደኛ ዓይን ፈርታ ነው ብዬ ተውኳት።

ልቤ ግን ቀደመኝ። በየበዓሉ እየመጣ ጉልበቴን ሲስም፣ ኮርቻ መስፋት ሳስተምረው ታየኝ። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ "እኔ አነሳዋለሁ፤ ቡልኮውም የሱ ነው" አልኳት። አለቀሰች። ለካ እኔ ስሰጥ ሳይሆን ልጅ ስገዛ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት፣ አንኮበር

ጉም የቤተ ክርስቲያኑን የጽድ ዛፎች ውጧቸዋል። ቄሱ "ማን ነው የሚያነሳት?" አሉ።

"እኔ።"

ሳቁ። "ሴትን የምታነሳ ሴት ናት። ዛሬ ሰማንያ ቀኗ መሆኑን አልነገረችህም?"

እናትየው እግሬ ላይ ወደቀች። "ማሩኝ፣ ጋሼ። ዝም ያልኩት ቡልኮው እንዳይቀርባት ፈርቼ ነው።"

ተናደድኩ። ቄሱም "አልዋሽህም፣ ቡልኮህን ብትወስደው ማንም አይፈርድብህም" አሉኝ። ቡልኮውን አጣጥፌ ብብቴ ሥር ሸጎጥኩት።

ጧፍ የምትገምድ አንዲት አሮጊት ክርስትና እናት ልትሆን እሺ አለች። ሕፃኗ ከውኃው ስትወጣ ከንፈሯ ጠቁሯል፤ ትንቀጠቀጣለች። ያቺ ቡትቶ ነጠላ ርሳለች። ባለቤቴ ለልጅ ብላ ነው የፈተለችው፤ ለኛ ልጅ ብቻ አላለችም። ቡልኮውን ዘርግቼ ጠቅልዬ አቀፍኳት። ልቅሶዋን አቆመች።

"ማን ተባለች?" አልኩ።

እናትየው አሮጊቷን አየች። የክርስትና ስም ለባዕድ እንደማይነገር አውቃለሁ።

"ተዪው" አልኳት።

ሐሙስ፣ መመለሻ

ኮርቻውን አስረክቤ በባዶ ትከሻ ዳገቱን ወጣሁ። ብርዱ አጥንቴ ገባ። ባለቤቴ ናፈቀችኝ፣ ቡልኮዋ ናፈቀኝ፤ አንዴ ብቻ ያቀፍኳት ልጅም እንደ ራሴ ልጅ ናፈቀችኝ።

አፋፉ ላይ በቅሎዬን አቁሜ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞርኩ። "ለምን ወሰድክብኝ?" ልል ከንፈሬን ከፈትኩ፤ አልወጣም። ስሟን ስለማላውቅ እንዲህ አልኩ፦ "ቡልኮ የለበሰችዋን ያችን ልጅ ጠብቅልኝ። አንተ ታውቃታለህ።"