ጥሩው ቱቦ የቱ ነው?

ፓዮም ሳትቀምሰው የዓሦቹ ገንዳ ውስጥ የምትጨምረው ውሃ የለም። ጣቷን ነክራ ምላሷ ላይ ታሳርፋለች፤ ጨው ጨው ካላለ ትጨምራለች፣ ካለ ትደፋለች። ይህን ያስተማራት ዱላ ነው። ባገባች በዓመቱ፣ በደረቁ ወራት ባሕሩ ሽቅብ ወደ ወንዙ ገብቶ የሜክሎንግ ከተማ ቧንቧ ሁሉ ጨው ሲሆን፣ እሷ ሳታውቅ ከቧንቧው ቀድታ የባሏን ዓሦች ውሃ ለወጠች። ታዊን ከሥራ ሲመለስ ዓሦቹን በጎናቸው ተንሳፍፈው አገኛቸው። አልጮኸም። ፀጉሯን ጨምድዶ ፊቷን ገንዳው ውስጥ ደፈቀና ትንፋሿ ሊቆረጥ ሲል አወጣት።

"ቀመስሽው?" አላት። መልስ ሳይጠብቅ መልሶ ደፈቃት።

ማጣሪያውን የገዛው ከዚያ በኋላ ነው። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ማሽን የቧንቧውን ውሃ በኃይል እየገፋ ዓይን በማያየው ወንፊት ያሳልፈዋል፤ ጨውም ሆነ ኖራ በዚያ አያልፍም። ከሥሩ ሁለት ነጫጭ ቱቦዎች ይወጣሉ። በአንዱ ጥሩው ውሃ ወደ ሰማያዊው በርሜል ይወርዳል፤ በሌላው ወንፊቱ የመለሰው፣ ከቧንቧውም የባሰ ጨዋማ ውሃ ወደ ሳፋ ይፈስሳል፣ ዕቃና ልብስ ይታጠብበታል። ሁለቱም እንደ ክር የቀጠኑ፣ ሁለቱም ኩልል ያሉ ናቸው። የትኛው የት እንደሚገባ የምታውቀው ፓዮም ናት። ታዊን ማሽኑን ገዛው እንጂ አንድም ቀን ቀድቶበት አያውቅም።

የፓዮም እንጀራ ገበያ ነው። የሜክሎንግ ዓሣ በቀርከሃ ቅርጫት ተቀቅሎ ይሸጣል፤ ቅርጫቱ ትንሽ ስለሆነ ዓሣው እንዲገባ አንገቱ ይሰበራል። እሷ አውራ ጣቷን ከጉንጩ ሥር አግብታ ቀጭ ታደርገዋለች፤ ቀኑን ሙሉ እንዲህ አንገት ስትሰብር ትውላለች። ጓደኞቿ ዓይኗ አብጦ ሲያዩ፣ "በዚህ ጣትሽ አንድ ትልቅ አንገት መሞከር ነው እንግዲህ" እያሉ ይቀልዳሉ፤ እሷም አብራ ትስቃለች። ምን ታድርግ? ታዊን በበረዶ ፋብሪካው የተመሰገነ ሰው ነው። ሰው ሲሞት ለሬሳው ማቆያ በረዶ በነፃ የሚያመጣ፣ ለሽማግሌ ወንበር የሚለቅ። የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ ማለት እሱ ነው። የፈለገውን ያህል ቢደበድባት፣ ብትከሰው የሚያምናት አልነበረም።

ዓሦቹን ግን እንደ አራስ ልጅ ይይዛቸዋል። ዲስከስ ይባላሉ፤ የሻይ ማስቀመጫ ሳህን የሚያካክሉ፣ ክብ፣ ቀይና ቢጫ፣ ለስላሳ ውሃ ብቻ የሚስማማቸው ቅምጥሎች። ሲያዩዋቸው መልአክ ይመስላሉ፤ ጠባያቸው ግን የወሮበላ ነው። ከመሃላቸው አንዱን መርጠው ጥግ ያስይዙታል። ይነክሱታል፣ ምግብ ይከለክሉታል፣ ክንፉን ይዘነጥሉታል። ያም ዓሣ ከፍርሃት ብዛት ቆዳው ይጠቁራል።

አንድ ቀን ልጃቸው ቻባ፣ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ አዝናለት ጥቁሩን ዓሣ ጨልፋ ባልዲ ውስጥ አኖረችው። በማግስቱ የቀሩት ተሰብስበው ያቺን የምታምረውን ቢጫዋን ጥግ አስያዟት፤ እስኪመሽ የጅራቷ እኩሌታ አልነበረም። ታዊን ከት ብሎ ሳቀና ጥቁሩን ወደ ገንዳው መለሰው።

"አየሽ የኔ እመቤት፣" አላት ልጁን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ "ይሄ ሥራ ነው፤ አንዱ የግድ ይይዘዋል። ዱላ ተቀባዩን ካወጣሽው ሌላ ይሾማሉ።"

ፓዮም የተሰበረ ሳህን እየጠረገች ነበር፤ ሳህኑ የተሰበረው ክንዷ ላይ ነው። ቀና ስትል አማቷን ሳምኒያንግን አየቻት። አሮጊቷ ዓይኗን ወደ ምንጣፉ ሰበረች።

ያ ነገር አሮጊቷን ሲበላት ሰነበተ መሰል፣ አንድ ከሰዓት ሁለቱ ብቻቸውን ሩዝ ሲያጥቡ አወጣችው። "አንቺ ከመምጣትሽ በፊት ጥቁሯ እኔ ነበርኩ፣ ልጄ፣" አለቻት። "የታዊን አባት ሲሞት አረፍኩ ስል፣ ዱላውን ልጁ ተረከበው። አንቺን ይዞ ሲመጣ ግን እፎይ አልኩ። ስትጮኺ እየሰማሁ እፎይ እል ነበር። ኩነኔው የኔ ነው።" ከዚያም፣ "በአዲሱ ዓመት መንገዱ በሰው ሲሞላ ሂጂ። ልጅቷን ነክቷት አያውቅም። እህትሽ ቤት ከረጋሽ በኋላ ታስመጫታለሽ" አለቻት።

ፓዮም አሰበችበት። እውነት ነው፣ ታዊን ቻባ ላይ እጁን አንስቶ አያውቅም። ልጅቷን ይዛ ብትጠፋ ያሳድዳታል፤ ብቻዋን ብትሄድ ግን ይራገምና ይተዋታል። ልጅ ጥሎ መሄድ አንጀት ይቆርጣል። መቆየትም ጎድን ይሰብራል፣ ሁለቱ ጎድኖቿ ደግሞ ቀድመው ተሰብረዋል። በመጨረሻ ልቧ ቆረጠ።

በሶንግክራን ማለዳ፣ አዲሱ ዓመት በሚገባበት ቀን፣ ከጥሩው ቱቦ አንድ ጠርሙስ ውሃ ለመንገዷ ቀዳች፣ ልብሷን በፌስታል ቋጠረችና ገበያ የምትሄድ መስላ ወጣች። መንገዱ በበዓሉ ደንብ ውሃ በሚራጩ ሰዎች ተጨናንቋል። ሚኒባስ ወረፋ ላይ ቆማ ሳለች አንድ ጎረምሳ በባልዲ ፊቷ ላይ ቸለሰባትና፣ "መልካም ዓመት እህትዬ፣ ዘንድሮ ባል ይስጥሽ!" አላት። ሰው ሳቀ። ምላሷ በልማዱ ውሃውን ቀመሰው። ጨው ነበር።

ያን ጊዜ ቻባ ዓሣውን ያኖረችበት ባልዲ ትዝ አላት። ጥቁሩ ሲወጣ ቢጫዋን ሾሙ። ይህንን ታዊን ራሱ በአፉ ነግሯቸዋል፣ እየሳቀ። ወረፋውን ጥላ ወደ ቤት ሮጠች።

በጊዜ አልደረሰችም። በዚያ ቀን የትልቅ ሰው እጅ የጃስሚን አበባ በተነከረበት ሽቶ ውሃ ይታጠባል፣ ምርቃት ይለመናል። ቻባ ደግሞ የአያቷን እጅ በጨው ውሃ ማጠቡን ነውር አለችው። ከቤቱ ውሃ ሁሉ የከበረው የሰማያዊው በርሜል ውሃ አይደለም እንዴ? ለጎረቤት አሮጊቶችም እንዲተርፍ ብላ ሽቶውን በሙሉ በርሜሉ ውስጥ ገለበጠችው፣ አበባውንም በተነችበት። ታዊን ዕንቁላል ሊጥሉ ለደረሱት ዓሦቹ ውሃ ሊያስቀዳ ፓዮምን ሲጣራ አጣት፤ ራሱ ሄዶ ክዳኑን ሲያነሳ ሽቶው አፍንጫውን መታው። መጀመሪያ ማሽኑን ጠረጠረ። በቡጢ ደበደበው፣ ሁለቱን ቱቦዎች ከበርሜሉና ከሳፋው መዝዞ መሬት ላይ ወረወራቸው። ከዚያ ውሃው ላይ አበባውን አየ። ከዚያ ልጁን አየ።

ፓዮም ስትገባ ቻባ ጠረጴዛ ሥር ነበረች። የበዓል ሸሚዟ ደም ለብሷል፤ በተዘረጋ መዳፏ ላይ አንድ ጥርስ አለ። አታለቅስም፤ ጥርሱን ብቻ ታየዋለች። ታዊን ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ የብር ጣሳ ይዞ እናቱ ፊት ተንበርክኳል።

"የዓመቱን ጥፋቴን ይቅር በይኝ እማዬ" ይላል፣ እንደ ደንቡ።

ሳምኒያንግ የዘረጋችውን እጅ መልሳ ብብቷ ውስጥ ከተተችው። "እጄ ባንተ ውሃ አይታጠብም" አለች።

በዚያ አገር እናት በሶንግክራን እጇን ከነሳች ከዚህ የከፋ እርግማን የለም። ታዊን ጣሳውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ዘወር ሲል በሩ ላይ ፓዮምን፣ በእጇም የተቋጠረውን ፌስታል አየ።

"አንቺ ነሽ ያሳደምሽብኝ" ብሎ ተነሳ።

"ጋሼ፣ ልጅቷን..." ብላ ሳትጨርስ በጣሳው ግንባሯን አላት። ስትወድቅ ጎኗን ረገጣት፤ ድሮ የተሰበረውን ቦታ ያውቀዋል፣ እዚያው ላይ ደገመው። አንገቷን ይዞ ራሷን ከወለሉ ጋር አጋጨው። ዓይኗን ደም ጋረዳት። እየተንፏቀቀች ገንዳው ከተቀመጠበት ቁም ሳጥን ሥር ደረሰች። እጇ ከፋብሪካ ያመጣውን የበረዶ መሰባበሪያ መዶሻ አገኘ። ብድግ ስታደርገው ታዊን በእሱ ላይ የምታሳርፈው መስሎት ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። እሷ ግን ዞራ መስታወቱን መታችው። አንዴ ሰነጠቀችው፣ በሁለተኛው ገንዳው ተዘረገፈ።

ውሃው ከነመስታወቱ ታዊን ላይ ወረደ። እግሩ ተንሸራተተ፣ በአፉ የወጥ ቤቱ ደረጃ ጠርዝ ላይ ተደፋ። ሲነሳ ከንፈሩ ለሁለት ተሰንጥቆ አገጩ ደም በደም ሆኗል። ሊገድላት ይመጣል ብላ መዶሻውን ከፍ አደረገች። አልመጣም። ዓሦቹ ወለሉ ላይ ይፈራገጡ ነበር፤ እየተንበረከከ፣ መዳፉ በስብርባሪ እየተቆረጠ አንድ በአንድ ያፍሳቸው ጀመር። "ውሃ! ውሃ አምጡ!" ይላል። በርሜሉ ሽቶ ነው። ዓሦቹን ያፈሰበትን አንድ ደረቅ ሳፋ አቅፎ ወጥ ቤት ሮጠ። ማሽኑ አልቆመም ነበር፤ ሁለቱ ነጫጭ ቱቦዎች መሬት ላይ ጎን ለጎን ተጋድመው እንደ ክር የቀጠነ ውሃ ያፈስሳሉ።

ቻባ ከጠረጴዛው ሥር ወጥታ ከስብርባሪው መሃል ጥቁሩን ዓሣ አነሳች። ፓዮም ልብሷን ከፌስታሉ አራግፋ የመንገዷን ውሃ ገለበጠችበት፤ ልጅቷ ዓሣውን እዚያ ውስጥ ለቀቀችው። ሳምኒያንግ ነጠላ ጫማዋን ተጫማች። ማንም ሂጂ አላላትም፣ ማንም ቅሪ አላላትም።

"ፓዮም፣" አለ ታዊን፣ ሁለቱን ቱቦዎች በሁለት እጁ ይዞ። ድምፁ የልመና ነበር፤ እንዲህ ሲናገር ሰምታው አታውቅም። "ጥሩው የቱ ነው?"

አየችው። ምንም አላሳዘናትም፤ ይህም ራሷን አስገረማት።

"ቅመሰው፣ ታዊን" አለችው። ጋሼ ሳትል በስሙ ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነበር።

አንዱን ቱቦ አፉ ውስጥ ከተተ፤ ጨው ነው። ሌላውን ከተተ፤ እሱም ጨው ነው። ተፋና ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። ከተሰነጠቀው ከንፈሩ ደሙ ሳይቋረጥ ምላሱ ላይ ይወርድ ነበር። ሦስቱ ሴቶች ደጁን ሲያልፉ፣ እሱ ገና እየቀመሰ ነበር።