ለአውሮፕላን የተደወለ ደወል

አውሮፕላን በሚጠገንበት ሃንጋር ውስጥ ሰው ብረት በብረት በመታ ቁጥር የሰቆጣው ደወል ጆሮዬ ላይ ይመለሳል፤ ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ በጠፍር የተንጠለጠሉ ጠፍጣፋ ድንጋዮች፣ እነሱን እያፈራረቁ የሚመቱት ደግሞ አባቴ ቄሱ።

በጋ በጋ ደወሉ የቅዳሴ ብቻ ነበር። እናቴ አባቴን መተረብ ስለምትወድ «እርስዎ ሲደውሉ እኮ ከማዶ ያለው የዝቋላ ፍየል ሳይቀር ይጾማል» ትላቸዋለች፣ እሳቸውም ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው «ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ምላስሽ!» እያሉ ይወጡ ነበር። ቤት ሲባል እስከ ዛሬ የሚታወሰኝ ያ ሳቅ ነው።

ክረምት ሲገባ ግን ደወሉ ሌላ ሥራ ነበረው። ጉም ወርዶ ገደሉንና መንገዱን ሲያመሳስለው፣ ከገበያ የሚመለስ ሰው እንዳይጠፋ አባቴ ዝናብ እየወረደባቸው ይደውሉ ነበር፣ መንገደኛውም ድምፁን ተከትሎ፣ ጭቃውን እያራገፈ ደጃችን ይደርስና እናቴ እሳት ዳር ታስቀምጠው ነበር።

በአንዱ ክረምት እናቴ ምጥ ጠናባት። ወደ ሆስፒታል የሚወስደውን የወልድያውን መንገድ ጎርፍ ቆርጦት ስለነበር ትንሽ አውሮፕላን መጥታ ከከተማው በታች ካለው ሜዳ እንደምታነሳት ተነገረን፣ በቃሬዛ አውርደናት ስንጠብቅ ጉም መጥቶ ሜዳውን ዋጠው። አውሮፕላኗ ከላይ ስትዞር እንሰማታለን፣ አናያትም። አባቴ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጠው ደወሉን ይመቱት ጀመር! ለጠፋ መንገደኛ ሌላ ምን ያውቃሉ? ሰዉም «በርቱ አባ፣ ይሰማል!» እያለ ይጮህ ነበር። የአውሮፕላኗ ድምፅ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። እናቴ ከነልጇ እዚያው ሜዳ ላይ አረፈች።

ከዚያ ወዲህ ሳቅ ከቤታችን ወጣ። አባቴ መዳፋቸውን እያዩ «ጠበቅ አድርጌ መትቼው ቢሆን ኖሮ…» ይሉ ነበር፣ ጉም በወረደ ቁጥርም ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ድንጋዩ ሊሰነጠቅ እስኪደርስ ይመቱት ነበር። እኔም ያቺን ቃል እየሰማሁ አደግሁ።

ዛሬ እንጀራዬ አውሮፕላን ላይ መሣሪያ መግጠም ነው፤ አንዱ ከሳተላይት ምልክት ተቀብሎ ለአብራሪው በጉም ውስጥ የት እንዳለ ያሳየዋል፣ ሌላው በአቅራቢያው ሌላ አውሮፕላን ካለ በድምፅ ያስጠነቅቀዋል። አምና አባቴ ሊጠይቁኝ መጥተው፣ ገጥሜ የጨረስኩባት ትንሽ አውሮፕላን ውስጥ አስቀመጥኳቸው፣ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው፣ አብራሪውም ሞተሩን አስነሳ። ያለንበትን ነጥብ በመሣሪያው መስታወት ላይ ባሳየኋቸው ጊዜ «እግዚኦ!» ብለው አማተቡ። ከዚያ ባልደረባዬ፣ እኔው ለምኜው፣ ከክንፉ ራቅ ብሎ ቆሞ አንድ ወፍራም ብረት በመዶሻ ይቀጠቅጥ ጀመር።

አባቴ መዶሻው ሲነሳ አዩ፣ ሲወርድ አዩ። ወደ መስኮቱ ዘንበል አሉ። ሞተሩ ሲጠፋ ማዳመጫውን አወለቁና «አይሰማም እንዴ?» አሉኝ።

«አይሰማም አባባ። ያን ቀንም የፈለጉትን ያህል ቢመቱት አይሰማም ነበር።»

«እኔ አንሼ አይደለም?»

«አይደለም፣ አባባ።»

መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት፣ ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሱ፣ እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ።

አሁን አውሮፕላን መንገዱን ከሰማይ ይጠይቃል፤ ያኔ እኛን ነበር የጠየቀን፣ የነበረን ደግሞ ድንጋይ ብቻ ነበር። አባቴ ሰቆጣ ተመልሰው ዘንድሮም ጉም ሲወርድ ለእግረኛው ይደውላሉ። ጎረቤታችን እንደነገረችኝ ግን ጥርሳቸውን መንከሱን ትተዋል፤ ቀስ ብለው ነው የሚመቱት።